ቅኝት የሚይዝ ጊታር

ልጄ፣ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ «ጋሼ፣ ኤሌክትሪክ ጊታር ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ቆሞ የሚያልቅ ነገር ስላልነበረ «እጽፍልሃለሁ» አልኩህ። ቡሬ ገበያ በርበሬህን ሸጠህ ብሩን ይዘህ ስትገባ አባትህ «ከጊደር ይልቅ እንጨትና ሽቦ?» ብለው ዝም ማለታቸውንም ሰምቻለሁ። እሳቸው ላይ አልፈርድም። የአንድ ዓመት ላብህ ነው፤ በአንድ ቀን ስሕተት ሊባክን ይችላል። እንዳይባክን ነው ይህን የምጽፍልህ።

እኔ ጊታር የነካሁት በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። የግሽ ዓባይ ኪነት ስሙ ከጎጃም አልፎ ሲሰማ፣ ፍኖተ ሰላም ያለን ልጆች በአንድ የቀበሌ ጊታር አራት ሆነን እየተቀባበልን እንማር ነበር። ደመወዝ መብላት ስጀምር የራሴን ልገዛ አዲስ አበባ ሄድኩ። አንድ ሱቅ መስኮት ላይ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እየነቀነቁ ድምፁን የሚያወዛውዙበት ብረት ያለው ጊታር ተሰቅሎ አየሁ። ከዚያ በኋላ ሌላውን ማየት አልቻልኩም። ሻጩ ሁለት ዜማ መታልኝ፤ ከፈልኩ፤ በማግሥቱ አውቶቡስ ላይ ጭኔ ላይ አድርጌው ገባሁ።

ቤቴ ገብቼ ቃኘሁት። አንድ ዘፈን ሳልጨርስ ቅኝቱ ወረደ። ደግሜ ቃኘሁት፤ ወረደ። ሁለት ዓመት ያህል ጥፋቱ የጆሮዬ መስሎኝ ኖርኩ። ሰው እንዳይሰማኝ ጓሮ እየሄድኩ ነበር የምሞክረው። በኋላ አንድ ከባሕር ዳር የመጣ ጊታር ተጫዋች ተቀብሎኝ ትንሽ ከነካካው በኋላ «ጆሮህ ደህና ነው፤ የሚዋሸው ጊታሩ ነው» አለኝ። ያን ቀን የተሰማኝ ደስታም ቁጭትም እስከ ዛሬ አለ። ከእኔ ጋር የጀመሩ ሁለት ልጆች በዚያው ዓይነት ጊታር ተስፋ ቆርጠው ትተውታል። አንዱ ከእኔ የተሻለ ጣት ነበረው።

ስለዚህ ከመልኩም፣ ከስሙም፣ ከድምፁ ጉልበትም በፊት ቅኝት የሚይዝ ጊታር ፈልግ።

አንተ የእኛ አገር ልጅ ነህ፤ ጆሮህ ባዶ አይደለም። ማንኩሳ ጠጅ ቤት አዝማሪ ሲቃኝ አይተሃል። ክረምት ከሆነ የማሲንቆው ቆዳ በእርጥበት ይረግባል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ምድጃ አጠገብ ይይዘዋል። የደጋኑን ጭራ ሙጫ ያስነካዋል። ከዚያ መቃኛውን በጥቂቱ ጠምዘዝ፣ ሳብ፣ አዳመጥ፤ ደግሞ ጠምዘዝ ያደርጋል። ቤቱ እየተንጫጫ እሱ አይቸኩልም። አንዲት ክር ብቻ ናት ያለችው፤ እሷ ካልተቃኘች ግጥሙ ምንም ቢያምር እንደማይሰማ ያውቃል። አማርኛችን ክሩን ማስተካከሉንም፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬንም «ቅኝት» ብሎ በአንድ ቃል የጠራቸው በከንቱ አይደለም። ክሩ ከወረደ ትዝታው ትዝታ አይሆንም። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ደግሞ በግማሽ ድምፅ ልዩነት የሚኖሩ ስለሆኑ ከሁሉ በላይ ይበላሻሉ።

አሁን አንድ ነገር ላሳይህ፤ እኔ ዘግይቼ ነው ያወቅሁት። ጊታር በተለመደው መንገድ ሲቃኝ ስድስቱ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ናቸው። ቆጥራቸው፤ አምስት ድምፅ ነው፣ አንዱ ተደግሟል። ባለ ስድስት ክር ክራርም እንዲሁ ነው፤ አምስቱ ቅኝቱን ይሠራሉ፣ ስድስተኛው የአንዱ ድጋሚ ነው። እነዚያን አምስቱን ከሶል ጀምረህ ብትደረድራቸው ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ይሆናሉ። ይህ ትዝታ ሜጀር ነው! ጣትህ ገና አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች፣ ከፍሬቶቹ፣ አንዱን ሳይጫን ጊታሩ ትዝታን ይዞ ይጠብቅሃል ማለት ነው። ሲንና ሚን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ካደረግሃቸው ትዝታ ማይነር ውስጥ ትገባለህ። ክራር ላይ ወደ ባቲ ለመሻገር ክሩን እንደገና መቃኘት አለብህ፤ ጊታር ላይ ክሩ ባለበት ይቆያል፣ ጣትህ ነው ቦታ የሚቀይረው። «የፈረንጅ ዕቃ ነው» የሚሉህን አትከራከራቸው፤ ይህንን ብቻ አሰማቸው።

ወደ ሱቁ እንግባ። ሻጩ ወዲያው አምፕሊፋየር ላይ ሰክቶ በትልቅ ድምፅ ሊያሰማህ ይፈልጋል። «ቆይ፣ ባዶውን ልየው» በለው። የኤሌክትሪክ ጊታር አካል ብዙውን ጊዜ ድፍን እንጨት ስለሆነ ባዶውን ድምፁ ትንሽ ነው፤ ጕድለቱ የሚሰማው ግን እንዲያ ሳለ ነው። አንገቱን ወደ ዓይንህ አቅርበህ፣ እንደሚያነጣጥር ሰው፣ ከጫፉ እስከ ገላው ተመልከተው። ለዓይን በጭንቅ የሚታይ ጎበጥ ማለት ደግ ነው፤ ውስጡ ባለው ብረት ይስተካከላል። ወደ አንድ ጎን የተጠማዘዘ ከሆነ ግን አስቀምጠው፤ የተጠማዘዘ አንገት በቀላሉ አይቃናም። ቀጥሎ መዳፍህን በአንገቱ ጠርዝ ላይ አንሸራት። በበጋ እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ብረቱ ግን አይኮማተርም፤ ስለዚህ የፍሬቶቹ ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ እጅህን የሚይዝህ ጊታር አለ። ከመጀመሪያው ፍሬት እስከ መጨረሻው እያንዳንዱን በእያንዳንዱ ክር ላይ ተጭነህ ምታ። አንዱ ቦታ ላይ ዝም የሚል ወይም እንደ ንብ ጥዝ የሚል ካለ ለሻጩ አሳየው። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት ይወስዳል። ሻጩ ከተቆጣ ሌላ ሱቅ አለ።

አሁን ቃኘው። በስልክህ የመቃኛ አፕሊኬሽን ቀድመህ ጫን። ስድስቱንም ካስተካከልህ በኋላ ሦስተኛውን ክር ሰባተኛው ፍሬት ላይ ተጭነህ፣ ማሲንቆ እንደሚያለቅሰው፣ ወደ ላይ ግፋውና መልሰው፤ አሥር ጊዜ ያህል። ከዚያ አምስት ደቂቃ ሳትሳሳ ግረፈው። መልሰህ ለካ። ክሩ አዲስ ከሆነ ትንሽ መውረዱ የተለመደ ነው፤ ገና እየተለጠጠ ነው። ሳብ ሳብ አድርገህ ሁለት ሦስት ጊዜ ደግመህ ቃኘው። ያን ጊዜም ከወረደ ችግሩ መቃኛው ነው፣ ወይም አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉባት ጥርስ ያላት ቍራጭ ናት። መቃኛውን እያሽከረከርህ ጥርሷ ጋ «ጭቅ» የሚል ድምፅ ከሰማህ እሷ ናት የምትይዘው። የእርሳስ ጫፍ ጥርሷ ውስጥ ብትፈትግባት ብዙ ጊዜ ትለቃለች። መቃኛው ራሱ የሚንገዳገድ ከሆነ ግን አትውሰደው። በመጨረሻ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫን በጣትህ ጫፍ ነካ አድርገህ ምታው፤ ቀጥለህ ተጭነህ ምታው። ሁለቱ አንድ ድምፅ መሆን አለባቸው። ትንሽ ቢለያዩ ክሮቹ ገላው ላይ በሚያርፉበት በርኩማ ላይ በትንሽ ካቻቪቴ ይስተካከላል፤ ብዙ ቢለያዩ ተወው።

ስለዚያ ስለሚነቀነቀው ብረት፦ ለመጀመሪያ ጊታር አልመክርህም። ብረቱን በነቀነቅህ ቍጥር ስድስቱም ክሮች ይረግባሉ፣ ይጠብቃሉ፤ ርካሹ ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም። አንዱ ክር ሲበጠስብህ የሌሎቹም ቅኝት አብሮ ይሄዳል። በርኩማው ገላው ላይ በጥብቅ የታሰረውን ያዝ። ለማልቀሱ ጣትህ ይበቃሃል። የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ቀጭን ነው፤ ማሸጊያው ላይ 9 የሚል ቍጥር ያለበት የመጀመሪያው ክር ውፍረቱ 0.009 ኢንች ነው፣ ለጀማሪ ጣት ይራራል። «መጀመሪያ በሳጥን ጊታር ጣትህ ካልቆሰለ አትማርም» የሚሉትን አልቀበልም። የሚቆስል ጣት ያለው ልጅ ቶሎ ይተዋል እንጂ ቶሎ አይማርም።

ከክሮቹ በታች ያሉት ጥቍር ወይም ነጭ ሳጥኖች ፒክአፕ ይባላሉ። ማግኔትና ብዙ ጊዜ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ናቸው፤ የሚሰሙት የብረት ክርን ብቻ ነው። የናይለን ክር ብትገጥምበት ጊታሩ ዝም ይላል። አንድ ጥቅል ያለው «ሲንግል ኮይል» ድምፁ ጥርት ያለ፣ ለክራር ዓይነት አመታት የሚመች ነው፤ ነገር ግን ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጕምጕምታ ይሰበስባል። ሁለት ጥቅል ያለው «ሐምባከር» ሁለቱ ጥቅሎች የሚሰበስቡትን ጕምጕምታ እርስ በርስ ያጠፋፉታል። እኛ ሰፈር ሽቦው አሮጌ፣ ብዙ ቤት የመሬት መስመር የሌለው ስለሆነ፣ ቢያንስ ከበርኩማው በኩል አንድ ሐምባከር ያለው ቢሆን ደስ ይለኛል።

ስም ትጠይቀኝ ይሆናል። ስኳየር የፌንደር ታናሽ ነው፤ ኤፒፎን የጊብሰን። የያማሃ ፓሲፊካ ለጀማሪ የሚታመን ነው። ነገር ግን ጫፉ ላይ «ፌንደር» የተጻፈበት በርካሽ ከቀረበልህ ለጽሑፉ አትክፈል፤ ጽሑፍ መለጠፍ ቀላል ነው። ያገለገለም አትናቅ፤ ባንድ ውስጥ የኖረና ተጫዋቹ የጠበቀው ጊታር፣ ሱቅ ውስጥ አቧራ ከጠጣ አዲስ ይሻላል። ሊዮ ፌንደር ራሱ ሬድዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወት አያውቅም ነበር። በ1950 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጊታር አንገቱ በአራት ብሎን የሚታሰር፣ ሽቦው ተከፍቶ የሚጠገን ነው፤ ብዙዎቹ ርካሽ ጊታሮች ዛሬም በዚያው መንገድ ይሠራሉ። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ የጊታር ሐኪም ባታገኝ፣ ሬድዮ የሚጠግን ሰው የላላውን የጃክ ሽቦ በየደው ይመልስልሃል።

ዋጋ አልነግርህም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ከሆነ ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። ያለህን ብር ግን እንዲህ ክፈለው፦ ሁለት ሦስተኛውን ለጊታሩ፤ ከቀረው ለአምፕሊፋየሩ፤ ጥቂቱን ደግሞ ለሁለት እሽግ ክር፣ ለጥሩ ገመድና ለማንገቻ አስቀር። ቀጭኑ ክር መበጠሱ አይቀርም፤ ለአንድ ክር አዲስ አበባ አትሄድም።

አምፕሊፋየር ላይ ከጊታሩ በላይ ሰው የሚሳሳተው እኛ አገር ነው፤ ምክንያቱም መብራታችን ነው። አንድ ዘመዴ ከአሜሪካ የራሱን አምፕሊፋየር ላከልኝ። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ሰካሁት። ቀዩ መብራት ከመጠን በላይ ደምቆ በራ፤ ከዚያ «ጭስ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቤቱን የተቃጠለ ጎማ ሽታ ሞላው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ጀርባው ላይ ተጽፎ ነበር፤ አላነበብኩትም። ዘመዴ የላከው ከደመወዙ ቀንሶ ነበርና እስከ ዛሬ ሲነሣ ያመኛል። አንተ ከመሰካትህ በፊት ዕቃውን ገልብጠህ አንብብ። «220–240» ወይም «100–240» ካለ ሰካው። «120» ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር አትንካው።

ዋት ብዙ ሲሆን ድምፅ በዚያው ልክ አይበዛም። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ዋቱ ወደ አሥር እጥፍ መሆን አለበት፤ ስለዚህ በ10 ዋትና በ20 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ሻጩ እንደሚነግርህ አይደለም። ለመኝታ ቤትና ለልምምድ 10 ይበቃል፤ ከበሮ ከሚመታ ልጅ ጋር ካልሆነ በቀር ከ20 አትለፍ። የድሮውን የቱቦ አምፕሊፋየር የሚያወድሱልህ አሉ፤ ድምፁ በእርግጥ ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ ቱቦው ሲሞት ምትኩን እዚህ አታገኝም። ተራ ትራንዚስተሩን ውሰድ።

ከሁሉ በላይ በባትሪም የሚሠራ ብታገኝ እሱን ያዝ። የሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ የሚባለው ትንሹ 3 ዋት ነው፣ በስድስት ትንንሽ ባትሪ ይሠራል፤ በቻርጅ የሚሠሩም አሉ። አሮጌው ቤታችሁ ወደ ብር ወንዝ በኩል ሶላር ብቻ ያለበት ቦታ ነው፤ መብራት ያለበትም ቢሆን ስንት ቀን እንደሚጠፋ አንተ ታውቃለህ። ልምምድ በየቀኑ ካልሆነ ልምምድ አይደለም፤ መብራት ሲመጣ ብቻ የሚጫወት ልጅ ጣቱ አይፈታም። በመስመር የሚሠራውን ከገዛህ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀል። ሲመለስ ዘልሎ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው ያን ጊዜ ነው። ስታብላይዘር ካላችሁ በእሱ በኩል ይሁን።

ይህን ደግሞ ለነፍስህ ስል ነው የምነግርህ። የመሬት መስመር በሌለው ቤት አምፕሊፋየር ላይ የተሰካ ጊታር ይዘህ በሌላ መስመር ላይ ያለ ማይክራፎን ከንፈርህ ሲነካ ኤሌክትሪክ ሊመታህ ይችላል። ሰርግ ላይ፣ በድንኳን፣ በእርጥብ ሣር ላይ ይህ ሲሆን አይቻለሁ፤ ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። አምፕሊፋየሩንና የድምፅ ማጉያውን ከአንድ ሶኬት፣ ከአንድ ማከፋፈያ ስካቸው። በባዶ እግርህ እርጥብ ወለል ላይ አትቁም። ክሩን ስትነካ ጕምጕምታው ቢቀንስ አትደንግጥ፣ ተፈጥሮው ነው፤ ጣትህን ቢነዝርህ ግን ወዲያው ንቀል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተህ የመሬት ብረት ማስቀበር ከሌላ ጊታር ይልቅ ይጠቅምሃል።

የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ያለው ይሁን። ሌሊት ለመለማመድ ብቻ አይደለም። መንደር ውስጥ ለቅሶ ሲኖር፣ የአርባው ሳይወጣ፣ ሙዚቃ አይጮህም፤ ይህን እናትህ ሳትነግርህ ማወቅ አለብህ። በዐቢይ ጾምም ጎረቤትህን አታስቀይም። ማዳመጫውን ስካና ተለማመድ፤ ጣትህ አይቆምም፣ ሰውም አይከፋም። አንዳንዱ የእኛ አገር ልጅ ከሙዚቃ የወጣው ከሰፈሩ ጋር ተጣልቶ ነው፤ አዝማሪን እያጨበጨበ የሚሰማ ሰው ልጁ አዝማሪ እንዳይሆን ሲከለክል ኖሯልና፣ ምክንያት አትስጣቸው።

ማንን ልስማ ካልከኝ ሰላም ስዩምን ስማ። ሰላሚኖ ይሉታል። በኢቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ የመታው ጊታር በካሴት ዘመን ስንቱን ድምፃዊ አጅቧል። አዳምጠው፤ አይጮህም፣ አይሽቀዳደምም። ዘፋኙ ሲተነፍስ ነው የሚገባው፤ በቅኝቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ድምፅ ጣል አድርጎ ይወጣል። ከዛሬዎቹ ግሩም መዝሙርን ስማ፤ አዲስ አኮስቲክ በሚባለው ባንድ የድሮውን ዜማ ከአየለ ማሞ ማንዶሊን ጋር እንዴት እንዳዋሓደው ታያለህ። ለእንዲህ ዓይነቱ አመታት ድምፅ የሚያፈርስ መሣሪያ፣ አሥር ቍልፍ ያለው ሳጥን አያስፈልግህም። ለመጀመሪያው ዓመት ጊታር፣ ገመድ፣ አምፕሊፋየር፤ በቃ።

ክረምት ሲገባ ጊታሩን ጭቃ ግድግዳ ላይ አትስቀለው፣ እርጥበት ይጠጣል፤ ምድጃ አጠገብም አታቁመው፣ ማሲንቆ አይደለም። በከረጢቱ ውስጥ፣ አልጋህ ራስጌ ይሁን። ከተጫወትህ በኋላ ክሩን በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጥረገው፤ ላብ ብረትን ያዝጋል።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ሂድ። ባሕር ዳር ካገኘህ አዲስ አበባ ድረስ አትልፋ። ስትመለስ ወደ እኔ ለመምጣት አትቸኩል፤ መጀመሪያ ቤትህ ግባ። አባትህ ከከብቶቹ ተመልሰው እስኪቀመጡ ጠብቅ። አምፕሊፋየሩን በትንሹ ክፈተው፣ ቃኘው፤ ከዚያ ምንም ፍሬት ሳትጫን ስድስቱን ክሮች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለህ አሰማቸው።